የያዕቆብ ወንድም

እኔ ቂመኛ ሴት ነኝ። ይህን የምለው «ኧረ አይደሉም እትዬ ከበቡሽ» እንድትሉኝ አይደለም፤ ብትሉኝም አልሰማችሁም። ባሌን መሪጌታ ጥበቡን የገደሏቸው ጣሊያኖች ናቸው፤ እሱን አገር ያውቀዋል። በዚያ ቀን እኔ ያደረግሁትን ግን የሚያውቅ የለም። እሱን ልነግራችሁ ነው። ስናገር አታቋርጡኝ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ካቋረጣችሁኝ የት እንደደረስኩ ይጠፋኛል፤ ሲጠፋኝ ደግሞ እናደዳለሁ።

ጊዜው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ባለቁ በዓመቱ ነው፤ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ። ጣሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ካምፕ ሠርቶ የደሴን መንገድ ያሰፋል፤ ካሚዮኑ ሲመላለስ ይውላል፤ የምንበላው ሁሉ አቧራ አቧራ ይላል። አስካሪው፣ ያ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ጥምጣም ባየ ቁጥር ጠመንጃውን የሚያቀባብልበት ጊዜ ነበር። ፍርሃት ሲከርም ይለመዳል የሚሉ አሉ። ውሸታቸውን ነው፤ እኔ አልለመድኩትም። ቄሶቻችን የሚካኤልን መጻሕፍት ሰብስበው፣ እነዚህ ከተቃጠሉ ሌላ የለንም፣ የሚያውቁበት ቦታ ይሸሽጉልን ብለው ለመሪጌታ ሰጧቸው። መሪጌታ በአህያ ጭነው፣ ላዩን ጥጥ አልብሰው፣ ቀወት ላሉት ለጋሼ ሷሊሕ አደረሱ። ጋሼ ሷሊሕ እስላም ናቸው፤ የማሽላ ገበሬ፤ ከመሪጌታ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ሳይጠያየቁ ከርመው አያውቁም። መጻሕፍቱን በቆዳ ጠቅልለው እህል ጉድጓዳቸው ውስጥ ከታች አስቀመጧቸው፤ መኸር ሲገባ ማሽላውን ከላይ ሞሉበት፤ የጉድጓዱንም አፍ በጭቃና በእበት መረጉት። ይህን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን። መጽሐፉ ከተገኘ የሚጠፋው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ ጋሼ ሷሊሕ ከነቤተሰባቸው ናቸው።

እንግዲህ ታከለ። ስሙን ስጠራው አሁንም አፌን ይመርረኛል። ወላጆቹ አጣዬ በወባ ሞተውበት የመጣ፣ ከኛ ቤት ሰባት ዓመት የተማረ ነው። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ያጎረስኩት ታከለን ነው። መሪጌታ የሚያስተምሩት በቃል ነበር፤ መጽሐፉ አንድ፣ ተማሪው ብዙ፣ ትምህርቱ ሁሉ ከአፍ ወደ አፍ። ግማሹን ይሉና ይቆማሉ፤ በመቋሚያቸው መሬቱን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ተማሪው ቀሪውን ይጨርሳል። ካልጨረሰ ወዮለት። ታከለ በዚህ ተወዳዳሪ አልነበረውም። መሪጌታ እኔን ሊያስቁኝ ሲፈልጉ ልጁ ጎርሶ ሳለ ድንገት አንድ ቃል ጀምረው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ያ ምስኪን ጉርሻውን ሳይውጥ ይጨርሰዋል፤ እኔ እንባዬ እስኪመጣ እስቃለሁ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎት ራሱን ስቶ ሳለ መሪጌታ ከመኝታው አጠገብ መሬቱን ቢመቱ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ይድናል አሉ፤ እውነትም ዳነ።

ኋላ ዲያቆን ሆነ፤ በቅዳሴ የሐዋርያትን መልእክት የሚያነበው እሱ ነበር። ጣሊያን ሲመጣ መንገድ ሥራ ገባና በስድስት ወር ቋንቋውን ለቀም አደረገው። ካፒታኑ አስተርጓሚው አደረገው፤ የካኪ ኮት አለበሰው። ማኅበራችንን ግን አልተወም። በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ማኅበር ስንጠጣ ኮቱን ቤቱ አስቀምጦ ይመጣል፤ ይበላል፤ ይጠጣል፤ ጠላዬን ያሞግሳል። ምን እናድርግ፣ ልጃችን ነው። በታኅሣሥ ማኅበር ማግስት ግን ከማኅበርተኞቻችን ሁለቱ ለአርበኛ ስንቅ ያቀብላሉ ተብለው ተወሰዱ። ማቀበሉንስ ያቀብሉ ነበር። የተናገሩት ግን እዚያው ማኅበር ላይ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከኛ ከራሳችን ሰዎች ጋር ነበር። እንግዲህ ከአሥራ ሁለታችን አንዱ ነው ተባለ፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ዓይን ለዓይን መተያየት ተወ።

ለጥር ማኅበር ሁለት ቀን ሲቀረው መሪጌታ ቀለም በጥብጠው፣ ብዕር ቀርጸው፣ በር ላይ ተቀምጠው በአንድ ወረቀት ላይ በግእዝ መጻፍ ጀመሩ። መጽሐፍ የለም፤ ሁሉንም የሚያወጡት ከልባቸው ነው። ምንድን ነው ብላቸው የይሁዳ መልእክት ነው አሉኝ። ደነገጥኩ፤ ያ ጌታውን የሸጠው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው አሉ። ይሄኛው ሌላ ነው፤ ያዕቆብ የሚባል ወንድም አለው። ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ ነው የሚሉ አሉ፤ የዮሴፍ የጠራቢው ልጅ ነው የሚሉም አሉ፤ የኔ መምህር የያዙት ሁለተኛውን ነበር፤ እኔም የያዝኩት እሱን ነው አሉኝ። እንደዚያ ከሆነ ከጌታ ጋር ባንድ ቤት ያደገ ሰው ነው። የጌታ ወንድም ነኝ ብሎ ቢጀምር አገር ብድግ ይልለት ነበር። እሱ ግን ለጌታ ባሪያው ነኝ አለ፤ ወንድምነቱን ለያዕቆብ ብቻ አደረገው። መሪጌታ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ቀጠነ፤ ይህችን ነገር ይወዷት ነበር።

የሚለውስ ምንድን ነው አልኳቸው። አጭር ናት አሉ፤ ግን በቅዳሴ ስትነበብ የቆመው ሕዝብ ይጨንቀዋል። የምትናገረው ሳይታወቁ ሾልከው ስለገቡ ሰዎች ነው። ከናንተ ጋር ማዕድ ይቀርባሉ፤ ያለ ሐፍረት ይበላሉ፤ ዝናብ እንደሌለው ደመና ናቸው ትላለች። ሄኖክን ትጠራለች፤ ፍርድ እንደማይቀር ትናገራለች፤ በአደራ ለተቀበላችሁት እምነት ተጋደሉ ትላለች። መጨረሻዋ ግን ሌላ ነው አሉና ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ። እኔም ወጡ እንዳያርርብኝ ተነሣሁ። መጨረሻዋን ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ለማን እንደጻፉት ያወቅሁት በማኅበሩ ዕለት ነው። በኛ ማኅበር ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፤ የዕለቱ ደጋሽ በሸክላው ጠላ ሞልቶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ፣ ከዳቦ ጋር ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። የጥር ደጋሾች እኛ ነበርን፤ ተረኛው ደግሞ ታከለ። መሪጌታ ወረቀቷን አጥፈው ከጽዋው ጨርቅ እጥፋት ውስጥ ሲያስገቧት አየሁ። ሰው ሁሉ እስኪወጣ ምላሴን ነክሼ ቆየሁና ከዚያ ለቀቅኩባቸው። እሱ መሆኑን ካወቁ ለምን ለማኅበሩ አይናገሩም? ሁለት ሰው በልቶ ሦስተኛውን እስኪጨምር ነው የሚጠብቁት? ወንበሩን ሁሉ ካነሱ በኋላ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«በሰው ፊት ብነግረው ያፍራል፤ ካፈረ ደግሞ አይመለስም። ብቻውን ሆኖ ያንብበው። ማን እንደላከለት ያውቃል» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን መጥተው ወሰዷቸው።

ካምፕ ውስጥ የሆነውን የነገረችኝ ውባለም ናት፤ የካፒታኑን ልብስ የምታጥብ ጎረቤቴ፤ ጣሊያንኛ ባትናገርም ትሰማለች። ታከለ ወረቀቷን ለካፒታኑ ሰጥቶ ከላይ እስከ ታች ተርጉሞለታል። አንድ ቃል አልዋሸም። የያዕቆብ ወንድም ይሁዳ ለተጠሩት፤ ሾልከው የገቡ ሰዎች በመካከላችሁ አሉ፤ ተጋደሉ። ካፒታኑ ከወንበሩ ተነሣ። በማኅበር ጽዋ ተሸሽጋ የምትዞር ወረቀት፣ የታወቀበት ሰላይ፣ ተጋደሉ የሚል ትእዛዝ፤ ሌላ ምን ይፈልጋል? ይሁዳ የሚባል የሽፍታ አለቃ አለ ብሎ ቆረጠ። ታከለ ሊናገር የሚገባው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ ጸሐፊው ከሺህ ስምንት መቶ ዓመት በፊት የሞተ ነው፣ እኔ ራሴ በቅዳሴ አንብቤዋለሁ ማለት። ካፒታኑ ይህን ጽሑፍ ታውቀዋለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው፣ ቤተ ክርስቲያን ተምሬአለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼም አላውቅ አለው።

ከዚያ ወዲያ ያዕቆብ የሚባል ሁሉ ተለቀመ። ከአጣዬ አንድ ጨው ነጋዴ አመጡ፤ ወንድም የለውም፣ ያሉት ስድስት እህቶች ናቸው፤ ስድስቱም መጥተው ካምፑ በር ላይ ተደርድረው አለቀሱ። ከአሊዩ አምባ ደግሞ አንድ ሽማግሌ አመጡ፤ ወንድሙ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ኑ መቃብሩን ላሳያችሁ እያለ ይለምናል። ነገሩ በኔ ላይ ባይደርስ ኖሮ ያስቅ ነበር። መሪጌታ ይሁዳ ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ለካፒታኑ ተናግረዋል፤ ግን የሚናገሩት ሁሉ የሚያልፈው በታከለ አፍ ነው። የድሮ መጽሐፍ ነው ይላሉ፣ መጽሐፉ የት አለ ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ ብሎ ነገረው። ይሄም ውሸት አይደለም። መጨረሻው ምን ሆነ፤ እስከ ገበያ ቀን ይሁዳን ካላወጡ በገበያተኛው ፊት እንዲረሸኑ ተፈረደባቸው። አራት ቀን ቀረኝ።

ታከለ በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ቤቴ መጣ። ኮቱን አላወለቀም። እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣኝና ደጃፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ ከበቡሽ፣ መጽሐፉን ያምጡልኝ። ካፒታኑ በዓይኑ ካየው ያምናል፤ መሪጌታ ያኑ ዕለት ይወጣሉ» አለኝ።

አንተ በልብህ እያለ መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል አልኩት። የኔ ቃል አይበቃም አለና መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ ገባኝ። ውባለም እንደነገረችኝ ካፒታኑ የሚካኤል ዕቃ አንድ ቦታ ተሸሽጓል፣ አብሮትም ጠመንጃ ይኖራል ካለ ቆይቷል፤ ታከለም አወጣልሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶለታል። መሪጌታ ይሞቱ ብሎ ያሰበም አይመስለኝ። እኔ ባሌን ላድን እሮጣለሁ፣ እሱ ዱካዬን ያስከትላል፤ ስሌቱ ይኸው ነበር። አጉርሼ ያሳደግሁት ነው፣ ልቤን አብጠርጥሮ ያውቀዋል። የያዝኩትን ማማሰያ በፊቱ ላይ ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። እሺ ብዬ ሸኘሁት።

ማለዳ ተነሥቼ ቀወት ወረድኩ። ምን እዋሻችኋለሁ፣ የሄድኩት ላመጣው ነው። ያገባሁት መሪጌታን ነው፣ መጽሐፉን አላገባሁትም እያልኩ ነው መንገዱን የጨረስኩት። የሮቢን ወንዝ ስሻገር አንድ አስካሪ ግራር ስር ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል። አለፍኩት። የጋሼ ሷሊሕ ማሳ ዳር ስደርስ ዞር ብዬ ባይ ያው ሰው ሌላ ግራር ስር ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል።

ለጋሼ ሷሊሕ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና ብድግ ብለው ዶማቸውን አነሡ።

«ይህ ዕቃ አማና ነው፤ አደራ። የሰጡኝ መሪጌታ ናቸው፤ አንቺ ሚስታቸው ነሽ። ክፈት ካልሽኝ አሁኑኑ እከፍተዋለሁ፤ የሚመጣውን አላህ ያውቃል» አሉ።

ጉድጓዱ ግን እንደ ሣጥን ብድግ የሚደረግ አይደለም። ከተከፈተ አፈናው ሰው ይገድላል፤ እስኪተነፍስ ግማሽ ቀን ይጠበቃል። ከዚያ እህሉ ሁሉ ተዝቆ ሜዳ ላይ ይወጣል። በታኅሣሥ የታሸገ ጉድጓድ በጥር ሲከፈት ደግሞ መንደሩ ሁሉ ምን ነካህ ሊል ይመጣል። ይህን እያሰብኩ ሳለ ልጃቸው ናፊሳ አራስ ልጇን አዝላ ውኃ አመጣችልኝ። ሕፃኑ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ያ አስካሪ አሁንም ግራሩ ስር ነው፤ ክር ማሰሩን ትቶ ወደኛ ያያል። ባሌን አሰብኩ፤ ሕፃኑን አየሁ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ያ ሰው እንዲሰማኝ፣ ጋሼ ማሽላ ልለምን ነው የመጣሁት፣ ቤቴ ባዶ ነው አልኩ። ጋሼ ሷሊሕ ዶማውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ከጎተራ አንድ አቁማዳ ሞልተው አሸከሙኝ። ወንዙ ጋ ስደርስ አስካሪው አስቆመኝ፤ እጁን እስከ ክርኑ ማሽላው ውስጥ ከትቶ አመሰው። ምንም አላገኘም።

በገበያው ቀን ዋዜማ ውባለም ዘበኛውን ለምናልኝ ምሳ ይዤ ካምፑ አጥር ጋ ደረስኩ። መሪጌታ ከስተዋል፤ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል። አላመጣሁም አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉና እሰይ አሉ። ደሜ ፈላ፤ ለሞትዎ ነው እሰይ የሚሉት ብዬ አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ለነገ ንጹሕ ኩታ አምጪልኝ አሉኝ፤ ቀጥለው ደግሞ ታከለ ደኅና ነው ወይ፣ ይበላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እንኳን ሊበላ ይድፋው ብዬ ተነሣሁ። ምሳውን ሲቀምሱ እንኳ አላየኋቸውም።

በማግስቱ ኩታቸውን አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጥፌ በክንዴ ይዤ ሄድኩ። ገበያተኛውን እስላም ክርስቲያን ሳይሉ በአለንጋ እየነዱ ካምፑ በር ላይ ሰብስበውታል። ጋሼ ሷሊሕም አህያቸውን ይዘው ከሕዝቡ መካከል ቆመዋል። ሁለቱ ያዕቆቦች ባንድ ገመድ ታስረዋል። ተኳሾቹ ተሰልፈዋል። ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት ራስ ያዞራል፤ የአህያው ጅራት ዝንብ ሲያባርር ይሰማል። ካፒታኑ ወረቀቷን በእጁ ይዞ ወጣ፤ ታከለ ከጎኑ። ለመጨረሻ ጊዜ ይጠየቁ፣ ይሁዳ ማነው፣ የት ነው ያለው ተባለ። ታከለ ተረጎመው። የመሪጌታን ፊት ግን አያይም፤ የሚያየው ጉልበታቸውን ነው።

መሪጌታ ልመልስ አሉ። ካፒታኑ በሉ አላቸው። እሳቸውም ወደ ካፒታኑ ሳይሆን ወደ ታከለ ዞረው፣ ያችን ለተማሪ የሚያወጧትን ድምፅ አወጡና መልእክቲቱን በግእዝ ከመጀመሪያዋ ጀመሩ። የካፒታኑ ዓይን ወረቀቷ ላይ ነው፤ ፊደሉን ባያውቅም ስሞቹን ሰምቷል፤ ያችው ደብዳቤ መሆኗ ገብቶታል። ሾልከው ስለገቡት አሉ፤ ስለ ደመናው አሉ፤ ስለ ሄኖክ አሉ። ግእዝ ባላውቅም ማጠሩንና መርዘሙን ለምጄዋለሁ፤ ወደ መጨረሻው መድረሳቸውን ዐወቅሁ። አንድ ቃል ጀመሩና ቆሙ። እጃቸው የኋሊት ታስሯል፤ መቋሚያ የላቸውም። ተረከዛቸውን አነሡና መሬቱን ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።

የታከለ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም። መሪጌታ እንደገና ሁለቴ መቱ። ያን ጊዜ ጨረሰው። ጥርት ባለ ድምፅ፣ ድሮ በሚያነብበት ዜማ፣ ቀሪውን በሙሉ እስከ አሜን ድረስ ጨረሰው። ሲጨርስ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። አፉ ከልማዱ የተነሣ አምልጦት ይሁን፣ ዐውቆ ይሁን፣ እኔ እንጃ። ኋላም የነገረኝ የለም።

ካፒታኑ ወረቀቷን አየ፤ ታከለን አየ። ውባለም አጠገቤ ሆና እያንሾካሾከች ነገረችኝ። ሰምቼ አላውቅም ብለኸኝ ነበር፤ ወረቀቱ በኔ እጅ ነው፤ ታዲያ ከየት እያየህ አነበብከው ይለዋል። ታከለ ምን ይበል? የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው ቢል ካፒታኑን አታልሎ በገበያው ሁሉ ፊት መሳቂያ ያደረገው እሱ ነው፤ አላውቀውም እንዳይል ሕዝቡ ሁሉ ሰምቶታል። ካፒታኑም ያ የያዕቆብ ወንድም ይኸው ነው፣ የሽፍቶቹ ሰው ስንፈልገው ከኛው ጋር ሲበላ ኖሯል አለ። ምስጢራቸውን ሁሉ የሚያውቅ አስተርጓሚ ነውና እዚያው አይረሸንም፤ ከነመምህሩ ደብረ ብርሃን ላሉት አለቆች ተልኮ ይመርመር ተባለ። አስካሪዎቹ የካኪውን ኮት ገፈፉት። ከስሩ ምንም አልለበሰም፤ በአገሩ ሕዝብ ፊት ከወገቡ በላይ ራቁቱን ቆመ። ከመሪጌታ ጋር ባንድ ገመድ አሰሯቸው። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ካሚዮኑ ላይ ሲወጡ መሪጌታ እኔን ፈለጉኝ። አዩኝ። በክንዴ የያዝኩትን ኩታ አዩ።

«ከበቡሽ፣ ኩታውን ለልጁ አልብሺው» አሉኝ።

ዘበኛው አልከለከለኝም። አሥር እርምጃ ብራመድ እደርስ ነበር። ታከለ አየኝ፤ ያን ወባ ጥሎት ሳለ ውኃ ስጪኝ ሲለኝ ያየኝ የነበረውን አስተያየት። ኩታውን ደረቴ ላይ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ያጠብኩት ለባሌ ነው፣ ለባንዳ አይደለም አልኩ። በአፌ ነው ያልኩት፤ ሁለቱም ሰምተውኛል። ካሚዮኑ ወደ ጣርማ በር መንገድ ሄደ።

ሁለቱ ያዕቆቦች በማግስቱ ተለቀቁ። መጽሐፉን የጠየቀኝ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም፤ የሚፈልገው ታከለ ነበር፣ እሱም ሄዷል። ጋሼ ሷሊሕ በሳምንቱ እህል የሚሸጡ መስለው አህያቸውን ነድተው ዳገቱን ወጡ። ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ተቀመጡና የሰሙትን ነገሩኝ። መንገድ ሠራተኞች ነግረዋቸዋል። ከፊት አርበኛ መንገዱን ስለዘጋ ካሚዮኑ ጣርማ በር አናት ላይ ሦስት ቀን ቆሟል። የሮቢትን ሙቀት ለለመደ ሰው የጣርማ በር ብርድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሁለቱ እስረኞች በድንጋይ ካብ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለው፣ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ነበር አሉ። በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው እጃቸው ሲፈታላቸው እጀ ጠባባቸውን አውልቀው ለወጣቱ አለበሱት። ወጣቱ እንቢ ብሎ ነበር፤ ተቆጡት። በሦስተኛው ቀን መንገዱ አልከፈት ሲል ሊረሽኗቸው መጡ። የተረሸነው ታከለ ብቻ ነው። መሪጌታን ጥይት አላገኛቸውም፤ ብርዱ ቀድሟቸው ነበር።

ጣሊያን ሲወጣ ጋሼ ሷሊሕ ጉድጓዱን ከፍተው መጻሕፍቱን አንድም ሳይጎድል አስረከቡ። ማሽላ ማሽላ ይሸቱ ነበር። እኔ አዲሱን ዲያቆን ጠርቼ የይሁዳን መልእክት አውጣልኝ አልኩት፤ መሪጌታ የቆሙባትን፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችውን ፍታልኝ አልኩት። ልጁ በጣቱ እየተከተለ ፈታልኝ። ለሚጠራጠሩት እዘኑላቸው፤ ሌሎችንም ከእሳት እየነጠቃችሁ አውጧቸው ነው የምትለው አለኝ። መሪጌታ ያሉት የመጀመሪያውን ነው። ታከለ የጨረሰው ከእሳት ስለ መንጠቅ ያለውን ነው።

መሪጌታ ያን ቀን ልጁን ሊያድኑት ይሁን ይዘውት ሊወድቁ ነገሩን የጀመሩት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ኖሬአለሁ። አላውቀውም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ካሚዮኑ ላይ ሆነው ለእኔም ግማሹን ብለው ቆመውልኝ ነበር፤ ቀሪውን መጨረስ የኔ ፈንታ ነበር። ታከለ እንኳ ጨርሷል። እኔ አልጨረስኩም። ኩታው ይኸው ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ በየጥሩ አወጣዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ፣ መልሼ አጥፈዋለሁ። እስከ ዛሬ ማንም አልለበሰውም።